ሽምደዳ መስተዋድድ አያስመርጥም

ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቋንቋ ማሠልጠኛውና በፈተና ማዘጋጃ መጻሕፍት ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ። እምነቱ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ግስ፣ ቅጽል ወይም ስም የራሱ የሆነ አንድ መስተዋድድ አለው፤ «ዲፔንድ» ካለ «ኦን»፣ «ኢንተረስትድ» ካለ «ኢን»፣ «አፍሬድ» ካለ «ኦፍ»፤ ከዚያ የወጣ ሁሉ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ጥምረት ምክንያት ስለሌለው ተሸምድዶ እንጂ ተረድተውት የሚይዙት አይደለም። ሁለቱም አባባሎች ውድቅ ናቸው። መስተዋድድ ከሱ ቀድሞ ለመጣው ቃል የተሰጠ ተቀጽላ አይደለም። በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና የሚናገር፣ የራሱ ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ የሚመረጠውም ተናጋሪው ሊል በፈለገው ነገር ነው።

የሽምደዳው ወገን ግን ባዶ እጁን አልመጣም። ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃው አንድ ስሜት በስንት ዓይነት መስተዋድድ እንደሚነገር ማሳየቱ ነው። እንግሊዝኛ አንድን ነገር መውደድን ሲገልጽ «ኢንተረስትድ ኢን» ይላል፤ «ፎንድ ኦፍ» ይላል፤ «ኪን ኦን» ይላል፤ «ክሬዚ አባውት» ይላል። ነገሩ አንድ፣ መስተዋድዱ አራት። ይህ ምን ሕግ አለው ይላሉ። ሁለተኛው ማስረጃ የሚመዘዘው ከአማርኛ ነው። በአማርኛ በቢላዋ ይቆረጣል፣ በአውቶቡስ ይኬዳል፣ በግንቦት ይታረሳል፣ በስምንት ሰዓት ይገናኛሉ። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ዊዝ»፣ ለሁለተኛው «ባይ»፣ ለሦስተኛው «ኢን»፣ ለአራተኛው «አት» ይጠይቃል። አንዷ «በ» አራት ቦታ ስትበተን ያየ ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንደማያዋጣው ቢደመድም አይፈረድበትም። ደግሞም የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ሲጠየቁ «እንዲሁ ነው የሚባለው» ከማለት በቀር ማብራሪያ የላቸውም። በዚህ ሁሉ ላይ የክፍሉ ሁኔታ ይጨመራል፤ ተማሪው ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ፈተናው ባለ አራት ምርጫ ነው። ዝርዝር የሸመደደ ነጥብ ያገኛል። ይህን አቋም የሰነፍ መምህር ማምለጫ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ትጉሃን መምህራን ሽንጣቸውን ገትረው የሚሟገቱለት ነው።

ሲመረመር ግን አይቆምም።

እውነት አንድ ቃል አንድ መስተዋድድ ብቻ ነው ያለው? «ሪዘልት» የሚለውን ግስ ማየት ይበቃል። ድርቁ ረሃብን አስከተለ ለማለት ግሱ «ኢን»ን ይይዛል፤ ረሃቡ ከድርቁ የመጣ ነው ለማለት ያው ግስ «ፍሮም»ን። ግሱ በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ መንስኤና ውጤት ግን ቦታ ተለዋውጠዋል። በዝርዝሩ ላይ ከ«ሪዘልት» ጎን «ኢን»ን አይቶ የሸመደደ ተማሪ ሁልጊዜ «ኢን»ን ቢጽፍ፣ አንድ ቀን ረሃቡ ድርቁን አመጣው የሚል ዓረፍተ ነገር ያወጣል። ሰዋስው የሚያርም ሰው እንከን አያገኝበትም፤ ነገሩ ግን ተገልብጧል።

የሒሳብ ክፍልም ከዚህ አያመልጥም። እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የአንድ ዕቃ ዋጋ 15 ብር ነበረ እንበል። «ኢንክሪስ» የሚለው ግስ «ባይ»ን አስከትሎ 20 ቢል ዋጋው 35 ብር ገብቷል፤ «ቱ»ን አስከትሎ 20 ቢል ዋጋው 20 ብር ላይ ቆሟል። አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ በ20 ብር ጨመረ እና ወደ 20 ብር ከፍ አለ አንድ አይደሉም። «ኢንክሪስ የሚወስደው የትኛውን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ቃሉ ጠየቀ እንጂ ስለ ሒሳቡ ገና አልጠየቀም።

ለ«ሪስፖንሲብል» ደግሞ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ንዑስ አንቀጽ 2 በእንግሊዝኛ ቅጂው ይህን ቅጽል ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሲናገር ቅጽሉን በ«ቱ» ያስከትለዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ስለሚወስኑት ውሳኔ ሲናገር በ«ፎር»። የአማርኛው ቅጂ በሁለቱም ቦታ «ለ»ን ይዞ ልዩነቱን በስሙ ላይ ያሳርፋል፤ አንዱ ጋ ተጠሪ፣ ሌላው ጋ ኃላፊነት ይላል። እንግሊዝኛው ቅጽሉን ሳይነካ ልዩነቱን በሙሉ ለመስተዋድዱ አሸክሞታል። ሁለቱ መስተዋድዶች ቦታ ቢለዋወጡ ሚኒስትሮቹ ለገዛ ውሳኔያቸው ተጠሪ፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ደግሞ ኃላፊ ሆነው ይገኛሉ። ሕግ አርቃቂዎቹ እዚህ ላይ የመረጡት የቅጽሉን ጓደኛ አልነበረም፤ ማን ለማን እንደሚጠራና ማን ስለ ምን እንደሚጠየቅ ነው የለዩት።

ሌሎቹን በችኮላ ማለፍ ይቻላል። «ዳይ» በበሽታ ለሞተ «ኦፍ»ን፣ ለአገሩ ለሞተ «ፎር»ን ይይዛል። «አግሪ» ከሰው ጋር «ዊዝ»፣ የቀረበን ሐሳብ ለመቀበል «ቱ»፣ ሁለት ወገኖች ለደረሱበት ስምምነት «ኦን»። «ታየርድ» ከ«ፍሮም» ጋር ከሥራ ወይም ከመንገድ የመጣ ድካም ነው፤ ከ«ኦፍ» ጋር መሰልቸት ነው። መንገደኛው መንገዱ አድክሞት ይሆናል፣ መንገድ ሰልችቶት ይሆናል፤ ቅጽሉ ብቻውን አይናገርም። በአንድ ዓምድ ቃሉን፣ በሌላው ዓምድ መስተዋድዱን የደረደረ ዝርዝር ይህን ሁሉ መሸፈን አይችልም፤ ቢሞክር በእያንዳንዱ ቃል ጎን አራትና አምስት መስተዋድድ መደርደር ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው መቼ እንደሚመረጥ ያለ ትርጉም ማስረዳት አይቻልም።

ሁለተኛው አባባል፣ ምክንያት የለውም የሚለው፣ ጉዳቱ ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ ተማሪው እንዳይጠይቅ ያደርገዋልና። ይህ አባባል ከአማርኛ ተናጋሪ አፍ ሲወጣ ደግሞ በተለይ ይገርማል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ችሎት ፊት ቀርቦ የዚህች ፊደል ዋጋ የማይገባው አማርኛ ተናጋሪ አለ? የተፈረደለት ካሣውን ቆጥሮ ይወጣል፤ የተፈረደበት ካሣውን ቆጥሮ ይከፍላል። ግሱ በሁለቱም ያው ፈረደ ነው። «ለ» ነገሩን ለባለጉዳዩ ጥቅም ሲያውለው «በ» በጉዳቱ ላይ ያውለዋል። ጸለየለት፣ ተናገረለት፣ ዘመተለት ካሉ በኋላ «ለት»ን በ«በት» መለወጥ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ማንም ዝርዝር አልሸመደደም። ሁለቱ መስተዋድዶች የሚሠሩትን ያወቀ ልጅ ዛሬ በሰማው አዲስ ግስ ላይ ሳይቀር ይጠቀምባቸዋል፤ አይሳሳትምም።

እንግሊዝኛም በ«ቱ» እና በ«አት» መካከል ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልዩነት አለው። ኳስን ጓደኛው እንዲቀልበው የወረወረ ልጅ «ስሮው»ን በ«ቱ» ያስከትላል፤ ጓደኛውን ሊመታበት የወረወረ በ«አት»። ወረወረለትና ወረወረበት ማለት ነው። ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው የጮኸ «ሻውት ቱ» ይላል፤ ተቆጥቶ የጮኸበት «ሻውት አት»። እርግጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ልክ በልክ አይገጥሙም፤ «አት» ዒላማን ያመለክታል እንጂ ሁልጊዜ ጉዳትን አያመለክትም። ዒላማ መሆኑ ከታወቀ ግን «ሉክ አት»፣ «ላፍ አት»፣ «ፖይንት አት» እና «ኤይም አት» አራት የሽምደዳ መስመሮች መሆናቸው ይቀራል። ዓይንም፣ ሳቅም፣ ጣትም፣ ጠመንጃም ወደ አንድ ነጥብ ተነጣጥረዋል። አንዱን የተረዳ ሌሎቹን ሳይነገረው ይደርስባቸዋል፤ በሸመደደው ዝርዝር ላይ የሌለው «ስቴር» ቢመጣበትም «አት»ን ያስከትለዋል።

«ፎር»ም የራሱ ቤተሰብ አለው። ገና እጅ ያልገባን ነገር ወደፊት ያስቀምጣል፤ ስለዚህ መጠበቅ፣ መፈለግ፣ መለመን፣ ማመልከትና ተስፋ ማድረግ በእንግሊዝኛ ሁሉም ይህን መስተዋድድ ይዘው ይሄዳሉ። የሚጠበቀው ሰው አልመጣም፤ የሚፈለገው ቁልፍ አልተገኘም፤ ያመለከቱበት ሥራ አልተሰጠም። «ፍሮም» መለየትና መራቅ ነው፤ «ፕሪቨንት»፣ «ስቶፕ»፣ «ፕሮቴክት»፣ «ሴቭ» ሁሉ አንዱን ከሌላው ስለሚያርቁ ያስከትሉታል፤ አማርኛም እዚህ ላይ «ከ» ይላልና ብዙ አያደናግርም። «ኦን» የሚያርፉበት መሠረት ነው፤ «ሪላይ»፣ «ካውንት»፣ «ቤዝድ» እና «ዲፔንድ» በእሱ ላይ ይቆማሉ። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ የላቲን የማበላለጫ ቅርጽ ይዘው የገቡት የ«ሱፒሪየር» ዘመዶች ናቸው፦ «ኢንፊሪየር»፣ «ሲኒየር»፣ «ጁኒየር»፣ «ፕራየር»። አማርኛው «ከ» ስለሚል ተማሪው «ዛን»ን ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ግን ሁሉም ያለ ልዩነት «ቱ»ን ይይዛሉ። አምስት ቃል፣ አንድ ትምህርት። ይህን በአምስት የተለያየ ገጽ በፊደል ተራ በትኖ ማስተማር ምን ይባላል?

አሁን ወደ አራቱ መውደዶች መመለስ ይቻላል። የሽምደዳው ወገን ትልቁ ማስረጃ የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ አራቱ አንድ ነገር አይሉምና። «ኢንተረስትድ ኢን» ሰውን ጉዳዩ ውስጥ ያስገባዋል፤ ጓደኞቹ «ኢንቮልቭድ»፣ «አብዞርብድ» እና «ኢንጌጅድ» ናቸው፤ ሁሉም ውስጥ መሆንን ያሳያሉ። «ፎንድ ኦፍ» ከ«ፕራውድ»፣ ከ«አፍሬድ»፣ ከ«አሼምድ» እና ከ«ጄለስ» ጋር ይሰለፋል፤ እነዚህ በሰው ልብ ውስጥ ያደረ ስሜትን ስሜቱን ከቀሰቀሰው ነገር ጋር የሚያያይዙ ናቸው። «ኪን ኦን» የ«ኢንቴንት» እና የ«ቤንት» ወገን ነው፤ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ማረፉን፣ መጫኑን ይናገራል። «ክሬዚ አባውት» ከ«ኤክሳይትድ» እና ከ«ዎሪድ» ጋር ነው፤ አእምሮ በጉዳዩ ዙሪያ ሲዞር ነው የሚታየው። አራቱን መውደድ ብሎ በአንድ ቃል የጠቀለላቸው ተርጓሚው ነው። እንግሊዝኛው አልጠቀለላቸውም።

የቋንቋው ባለቤቶች ማስረዳት አይችሉም የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም አይገባውም። አንድ የደብረ ማርቆስ ገበሬ ፈረደለትና ፈረደበት ለምን እንደሚለያዩ ሰዋስዋዊ ትንታኔ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? «እንዲሁ ነው የሚባለው» ይላል። ተናጋሪው ማስረዳት አለመቻሉ ሥርዓት የለም ማለት አይደለም፤ ሥርዓቱን የማስረዳት ሥራ የተናጋሪው ሳይሆን የሰዋስው ሰዎች ነው። እነሱም ሠርተውታል። ክሎዲያ ብሩግማን እ.ኤ.አ. በ1981 የማስተርስ ጥናቷን «ኦቨር» በምትባል አንዲት ቃል ላይ አድርጋ፣ የተበታተኑ የሚመስሉት ትርጉሞቿ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ መሆናቸውን አሳይታለች። አንድሪያ ታይለርና ቪቪያን ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት መጽሐፍም የእንግሊዝኛ መስተዋድዶችን ትርጉም ከቦታ ግንኙነት ተነሥቶ ይተነትናል። ከዚህ በፊትም በአገራችን የቅኔ ቤት መምህራን የግእዝን አገባብ ዐቢይ፣ ንዑስ፣ ደቂቅ ብለው ከፍለው፣ እያንዳንዱ አገባብ የሚሰጠውን ፍች በየምሳሌው ሲያሳዩ ኖረዋል። አገባቡን ራሱን የቻለ ትምህርት አደረጉት እንጂ በግስ ጀርባ ላይ አለጠፉትም። በዚህ ረገድ የቅኔ ቤቱ ዘዴ ከዘመናዊው የእንግሊዝኛ ክፍል ቀድሞ ሄዷል።

አፍ መፍቻ ቋንቋ ያሳስታል የሚለው ክርክር ግማሽ እውነት አለው፤ ከግማሹ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ግን ሽምደዳ አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች አስቀድመው ሊታወቁ የሚችሉ ናቸው። በአማርኛ ስለ ጉዳይ ይወያያሉ፣ ከሰው ጋር ይጋባሉ፣ ወደ ክፍል ይገባሉ፤ ስለዚህ ተማሪው «ዲስከስ አባውት»፣ «ሜሪ ዊዝ»፣ «ኢንተር ቱ» ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም የእንግሊዝኛ ግሶች ግን ተሳቢያቸውን ያለ መስተዋድድ በቀጥታ ይይዛሉ። በተቃራኒው አማርኛ ሰውን ይጠብቃል፣ ሬዲዮን ያዳምጣል፣ የጠፋ ቁልፍን ይፈልጋል፤ «ን» ብቻ ይበቃዋል። «ዌይት» እና «ሉክ» ግን «ፎር»ን፣ «ሊስን» ደግሞ «ቱ»ን ይሻሉ። አንዱ ጋ መስተዋድድ ተጨመረ፣ ሌላው ጋ ጎደለ፤ ምክንያቱ አንድ ነው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ተሳቢን በተለያየ መንገድ ያስራሉ። ይህን ያወቀ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት ይችላል። እንዲያውም አንድ ነገር ይጨምራል፤ ግሱ ወደ ስም ሲለወጥ መስተዋድዱ ይመጣል። «ዲስከስ» ባዶውን ሲሄድ «ዲስከሽን» «አባውት»ን ወይም «ኦፍ»ን ይይዛል፤ «ሜሪ» ባዶውን ሲሄድ «ሜሬጅ» «ቱ»ን ይይዛል፤ «ኤምፈሳይዝ» ባዶውን ሲሄድ «ኤምፈሲስ» «ኦን»ን ይይዛል። ተማሪው «ኤምፈሳይዝ ኦን» ቢል ከስሙ የተማረውን ለግሱ ማዋሉ ነው። በሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ። አስበው የተሳሳቱት ስሕተት ነው፤ የሚታረመውም በማሰብ ነው።

ቀሪው የአንድ ትክክለኛ መልስ አምልኮ ነው። የዚህ አምልኮ ዋና ጣዖት «ዲፈረንት» ነው። ፈተናው «ፍሮም» ይላል፤ «ቱ» ወይም «ዛን» ያለ ነጥብ ያጣል። ይሁን እንጂ በብሪታንያ «ዲፈረንት ቱ» የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ በአሜሪካ «ዲፈረንት ዛን» ዘወትር ይሰማል፣ በተለይ ሙሉ ሐረግ ሲከተለው። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ከ«ፍሮም» በቀር አይሆንም የሚለውን አቋም አጉል እምነት ብሎ ነቅፎታል። ሥርዓት አጥባቂ የሚባለው ፋውለር ይህን ካለ መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የፈተና ዝርዝሩ ግን አልሰማም።

የ«ፍሮም» ጠበቆች የላቲኑን ሥር ይጠቅሳሉ፤ ቃሉ መለያየትን ከሚያሳይ ቅጥያ ስለሚነሣ መለያየትን የሚያሳይ መስተዋድድ ይገባዋል ይላሉ። ይህ ክርክር ተሞክሮ የተሸነፈ ነው። «አቨርስ» የሚለው ቅጽል ከላቲን ሥሩ ፊትን ማዞር፣ መራቅ ማለት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 በወጣው መዝገበ ቃላቱ ለዚህ ቅጽል የሚገባው «ፍሮም» መሆኑን፣ «ቱ» ብዙ ጊዜ ቢነገርም ተገቢ አለመሆኑን ጽፏል። ዛሬ «አቨርስ ፍሮም» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም፤ መደበኛው «ቱ» ነው። «ዲፔንድ»ም በላቲን መንጠልጠል ነበር፤ የሚንጠለጠል ነገር ከላይ ከያዘው ነገር «ፍሮም» በተባለ ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን መንጠልጠሉን ትቶ መደገፉን አየና «ኦን»ን ሰጠው። መስተዋድድን የሚመርጠው ቃሉ ዛሬ በተናጋሪዎቹ አእምሮ የሚይዘው ትርጉም ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በሮም የነበረው ትርጉም አይደለም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያውያን የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ያደገ ልጅ «ዲፈረንት ዛን» እና «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ይላል፤ ለንደን ያደገች የአክስቱ ልጅ «ዲፈረንት ቱ» እና «አት ዘ ዊክኤንድ» ትላለች። ኒው ዮርክ የኖረ ዘመድ ሰልፍ ላይ መቆሙን ሲናገር «ኦን ላይን» ሊል ይችላል፤ ሌላው አሜሪካዊ «ኢን ላይን» ይላል። ሦስቱም ክረምቱን አዲስ አበባ መጥተው የፈተና መለማመጃ መጽሐፍ ቢሰጣቸው በገዛ ቋንቋቸው ይወድቃሉ። ፈተና በቋንቋው ተናጋሪ ላይ ስሕተት ካገኘ፣ ስሕተቱ የማን ነው? አማርኛስ ቢሆን የመንዝና የወሎ ሰው «ተቤት» ሲል የአዲስ አበባው «ከቤት» ይል የለም? አማርኛ አያውቁም የሚላቸው የለም።

ለሽምደዳው ወገን የሚቀርለት እውነት አለ፤ መካድ አይገባም። አንድን ሰው በጥፋት መክሰስ በእንግሊዝኛ «አኪዩዝ» ሲሆን «ኦፍ»ን፣ «ቻርጅ» ሲሆን «ዊዝ»ን፣ መውቀስ ማለትም «ብሌም» ሲሆን «ፎር»ን ይይዛል። ሦስቱ ጎረቤታሞች ለምን ሦስት መንገድ እንደሄዱ ተማሪን የሚያረካ ማብራሪያ መስጠት ያስቸግራል፤ ታሪክ ያወረሳቸው ነው። እንዲህ ያሉት ከነሐረጋቸው መያዝ አለባቸው። ከነሐረግ መያዝ ግን ከዝርዝር መሸምደድ ጋር አንድ አይደለም። ልዩነቱን ቀደም ብሎ ያየው በጃፓን እንግሊዝኛ ሲያስተምር የቆየው ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ የታተመውና በ1948 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በድጋሚ ያወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን ግስ አገባብ በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያሳያል። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክለር የመሩት ኮቢልድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ደግሞ ከዚያ አለፈ፤ በኮምፒዩተር የተሰበሰበ እውነተኛ ንግግርና ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ቃሉን የሚፈታው በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከሳሹ፣ ተከሳሹ፣ ጥፋቱ፣ መስተዋድዱ ሁሉ በቦታቸው ይታያሉ። ዛሬ እነዚህ መዝገበ ቃላት በስልክ ይገኛሉ። ተማሪው ቃሉን ሲፈልግ የአማርኛ ፍቺውን ብቻ አይቶ የሚዘጋው፣ ምሳሌውን እንዲያነብ ማንም ስላላስለመደው ነው።

ነጥብ ያስገኛል የሚለው የመጨረሻው መከላከያም ጥያቄዎቹ ሲታዩ ይከዳል። «ሺ ወዝ አንግሪ» ካለ በኋላ ባዶ ቦታ ትቶ «ሂም» የሚል፣ ከዚያም «አት»፣ «ዊዝ»፣ «ኢን» እና «ፍሮም»ን ለምርጫ የሚያቀርብ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው፤ በሰው መናደድ በ«አት»ም በ«ዊዝ»ም ይነገራል። አንድ ልጅ ኳስ ወደ ጓደኛው መወርወሩን ብቻ ነግሮ በ«ቱ» እና በ«አት» መካከል የሚያስመርጥ ጥያቄም ሊቀልበው ይሁን ሊመታው ሳይናገር መልስ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያስተዋለ ተማሪ ያመነታል፤ ያላስተዋለው ቶሎ ያጠቁራል። ሽምደዳው ያስገኛል የተባለው ነጥብ የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው። ያው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የቤተ ሙከራ ዘገባ ሲጽፍ፣ ውጤቱ ከምን እንደመጣና ምን እንዳስከተለ በእንግሊዝኛ መለየት ሲያቅተው ነጥቡ አያድነውም።

የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ባለ ሁለት ዓምዱን ዝርዝር አውጥተው በምትኩ «አት»፣ «ፎር»፣ «ፍሮም»፣ «ኦን» እና «ቱ» እያንዳንዳቸው የሚሠሩትን የሚያሳይ ምዕራፍ ያስገቡ፤ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልባቸውን ግሶች ለብቻቸው አውጥተው ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የፈተና አዘጋጆችም ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መልሱን የማይወስንበትን የመስተዋድድ ጥያቄ ሁሉ ከጥያቄ ክምችታቸው ያውጡ፤ «ዲፈረንት»ን በ«ቱ» ወይም በ«ዛን» ላስከተለ ተማሪም ነጥቡን ይስጡት።